ካልሲ ጫማ ያደረገ ዕለት

ስሙን ማን እንዳወጣለት የሚያስታውስ የለም፤ ለምን እንደወጣለት ግን ወደ ጋራዡ ጎራ ያለ ሁሉ በዓይኑ ያየዋል። ካልሲ ፍሬን ሊፈትሽ ከመሪው ኋላ ሲቀመጥ የቀኝ እግሩን ጫማ ፈትቶ ከበሩ ውጭ መሬት ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ፔዳሉን በካልሲው ይረግጣል። «ጫማ ውሸታም ነው» ይላል የጠየቀው ሲኖር። «ወፍራም ሶል አድርጎ ፍሬን መፈተሽ ጓንት አጥልቆ የበሽተኛ ትርታ እንደ መቁጠር ነው።»

ደግሞም ያውቅበታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከፍሬን ሌላ ሥራ አልነካም። ሞተሬ ያንኳኳል ብሎ የመጣበትን ሰው «እሱን ለጎረቤት» ብሎ ወደ ቀጣዩ በር ይሸኘዋል። እግሩ ፔዳሉ ላይ አርፎ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጫን ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሲገልጠው በሽታው ታውቋል። ፔዳሉ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ከለሰለሰ ቱቦው ውስጥ አየር አለ። ቀስ እያለ ከሰመጠ ዘይቱን የሚገፋው የማስተሩ ጎሚኒ አልቋል። ተረግጦ ለመመለስ ከሰነፈ ከአራቱ ጎማ የአንዱ ፒስተን ዝጓል። አንድ ጊዜ አንድ ሹፌር «ምንም የለበትም፣ ለወጉ ያህል እየው» ብሎ ያመጣውን ሚኒባስ ሁለቴ ረግጦ «የኋላ ግራ፣ ዘይት ያፈሳል» አለው። ሰውየው ጎማው እስኪወልቅ ድረስ ሲስቅ ቆየ፤ ሲወልቅ ሳቁን ዋጠ።

መኪናው ደህና የሆነ እንደሆነ ካልሲ የሚናገረው አንዲት ቃል ብቻ ነው፦ «ይሂድ።» እሱ «ይሂድ» ያለውን መኪና ሌላ ሰው ደግሞ አያየውም።

ልብስ ሰፊ የሆነችው ሚስቱ በዚህ ዝና ላይ የራሷ አስተያየት አላት። ሳምንቱ እንዴት እንደዋለ የምታውቀው ከቀኝ ካልሲው ነው፤ አውራ ጣቱ ጋ ሁለት ቀዳዳ ካለ ሥራ ሞልቶ ነበር ማለት ነው። «የግራ ጫማህ በዓመቱ ያልቃል፣ የቀኙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» ትለዋለች ቀዳዳውን እየጠቀመች። «ጫማ ሻጩ ነጥሎ የሚሸጥ ቢሆን ስንቱን በተገላገልን።»

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ሊፍት ጠጋኝ ናት፤ ቀን ቀን የፎቅ ቤቶችን ሊፍት ስትፈታና ስትገጥም ትውላለች፣ በዕረፍት ቀኗ ደግሞ አባቷ ጋራዥ ጥግ ላይ የቆመችውን ቀይ መኪና። ይህችን መኪና አባትና ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት ያገኟት ሞተር የሌላት ባዶ ቆርቆሮ ሆና ነበር። ሁለት በር ያላት፣ አጭር፣ ኋላዋ የተቆረጠ ነገር ናት። ሞተር የሰጧት ከእጥፏ ከሚበልጥ መኪና አውጥተው ነው። ሞተሩ ሲገባ ወፍራም ሰው በጠባብ በር እንደሚገባው ነበር፤ ትንፋሹን ስቦ፣ ግራ ቀኙን ተጋፍቶ። አንድ ነገር ብቻ አላስገባም አለ፤ የፍሬኑ ሰርቮ።

ሰርቮ በፔዳሉና በማስተሩ መካከል የሚቀመጥ፣ ድስት የሚያህል ክብ ነገር ነው። እግር የሰጠውን ትንሽ ጉልበት ተቀብሎ አብዝቶ ለማስተሩ ያቀብላል፤ ማስተሩ ደግሞ ዘይቱን ገፍቶ ወደ አራቱ ጎማ ይልካል። ካልሲ ብዙ አላሰበበትም። «የውድድር መኪና ሰርቮ ምን ያደርግላታል፤ እግር አለሽ አይደል» ብሎ ነቅሎ ጣለው። ማስተሩንም ሞተሩን ከተሳፋሪው በሚለየው የላሜራ ግድግዳ ላይ በሁለት ቡሎን በቀጥታ አሰረው። እግረ መንገዱን ማሞቂያውንም ነቀለና የተወውን ቀዳዳ በስስ ላሜራ ለብዶ፣ አሸብርቆ ቀባው። ይህን ሁሉ ያደረገው ራሱ ነው፤ ሌላ የሚወቀስ ሰው የለም።

እሑድ ጠዋት የመኪና ክበቡ የዳገት ውድድር ነበረው። መንገዱ ከድንጋይ ካባው ጀርባ ተነስቶ ዐሥራ አንድ ጠመዝማዛ ይወጣል፤ ጫፍ ላይ የመጨረሻው መስመር ካለፈ በኋላ እስከ ድንጋዩ ግንብ ድረስ ለመቆሚያ የቀረው ስፍራ አጭር ነው። ልጅቱ ተመዝግባለች። ቅዳሜ በአሥር ሰዓት መኪኖቹ ይመረመራሉ፤ ለምርመራው ከሚቀርበው ቅጽ አንዱ መስመር «ፍሬኑን የፈተሸው ባለሙያ ፊርማ» ይላል። ያን መስመር ማን እንደሚሞላው በቤታቸው የጠየቀ አልነበረም።

ረቡዕ ከሰዓት ልጅቱ መኪናዋን ከመጋዘኖቹ ጀርባ ወዳለው ባዶ ሜዳ ወስዳ ስትነዳት ቆየች። ተመልሳ ስትገባ ሞተሩን አጠፋችና ሳትወርድ ትንሽ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ፔዳሉ ይሄድብኛል።»

«ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ታች። ጠበቅ አድርጌ ስረግጠው መቆም ካለበት ቦታ አልፎ ይሄዳል። መኪናዋ መቆሙንስ ትቆማለች፤ ግን ካሰብኩት በኋላ ነው።»

ካልሲ ነገር አላበዛም። እሷን አስወርዶ ጫማውን አወለቀ፣ ገባ፣ ረገጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ፔዳሉ ከላይ ያዘ። ደግሞ ረገጠ። ያው ነው።

«ድንጋይ ነው» አላት። «አየር ነው ብለሽ ከጠረጠርሽ ግን እናስወጣው። ጥርጣሬ ይዞ ዳገት አይወጣም።»

እሷ ፔዳሉ ላይ፣ እሱ በጎማው ሥር ተጋድሞ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ዘይቱን ወደ ጠርሙስ እያወረዱ አራቱንም ዞሩ። «ያዢ» ይላል ከታች። «ይዣለሁ» ትላለች ከላይ። «ልቀቂ።» አንድም አረፋ አልወጣ። ዘይቱ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ነው የወረደው።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ፣ እንደገና ወደ ሜዳው ወሰደቻት። እንደገና ተመለሰች።

«ይሄዳል፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ማስተሩ ነው። አዲስ ነው ብዬ አምኜው ነበር፤ አዲስ ሁሉ ደህና አይደለም።» መደርደሪያው ላይ ካለው ካርቶን ሌላ ማስተር አወጣ፤ ቀየረ፤ አየር አስወጣ፤ በካልሲው ረገጠ። ድንጋይ።

በጋራዡና በጎረቤቱ መካከል ያለው ግድግዳ አጭር ነው፤ ደረት ድረስ ብቻ። ከዚያ ወዲያ አንድ በያጅ ይሠራል። ብልጭታ ነው የሚሉት፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ጫማው ደግሞ ከራሱ ይከብዳል፤ አፍንጫው ብረት ነው። የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቷል።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለ በግድግዳው ላይ ተደግፎ።

«አንተ ብረትህን አቅልጥ።»

«እያቀለጥኩ ነው። ለዚህ ሰው እኮ መኪና ማለት ቧንቧ ነው፤ ከላሜራ መሠራቷን የነገረው የለም።»

«ጋሼ፣ ተወው፣ ተናዷል» አለች ልጅቱ።

«ማን ነው የተናደደው?» አለ ካልሲ። አልተናደደም ነበርም። ስለ ፍሬን ካልሲ አይናደድም፤ የሚናደድ የማያውቅ ሰው ነው ብሎ ያምናል። «ነይ፣ አንቺ ርገጪውና አሳዪኝ።»

ልጅቱ በሥራ ጫማዋ ገባች፤ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ የምትወርድበት፣ ሶሉ ሁለት ጣት የሚወፍር ጫማ ነው። ረገጠች። «ይኸው» አለች። ካልሲ ፊቷን እንጂ ሌላ አላየም።

«ጫማውን አውልቂና ሞክሪው።»

አውልቃ ረገጠች። ትንሽ አሰበች። «በካልሲ ደህና ነው። በጫማ ይሄዳል።»

«እንግዲያው ጫማውን ወስደን እናስጠግነዋ።»

ብልጭታ ከግድግዳው ወዲያ ሳቀ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም፤ የጫማዋን ክር እያሰረች «እኛ ዘንድ ሊፍት የሚፈተሸው ባዶውን አይደለም» አለች። «የሚችለውን ጭነንበት፣ ከሚችለውም በላይ ጨምረንበት ነው። ባዶውንማ የማይቆም ሊፍት የለም።»

«ሊፍት ሌላ፣ መኪና ሌላ።»

ልጅቱ ከዚህ በላይ አልተከራከረችም። ቅጹን ከቦርሳዋ አውጥታ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቁልፎቹ ጎን አስቀመጠችው። «እሺ፣ አንተ ካልክ ደህና ነው። እግሬ ነው እንግዲህ» አለች። «ነገ ፈርምልኝ።» ብላ ሄደች።

ዓርብ ጠዋት ካልሲ ሌላ መኪና ከመንካቱ በፊት ቅጹን ለመጨረስ ተቀመጠ። የመኪናዋን ዓመት ጻፈ፣ የሞተሩን ቁጥር ጻፈ፣ የጎማዎቹን መጠን ጻፈ። ፊርማው ጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

በሕይወቱ ለስንት ሰው ፈርሟል። ሰዎቹ ፔዳሉ ይሄዳል ብለው ያውቃሉ፤ እሱም አይሄድም ብሎ ያውቃል፤ ትክክል የነበረውም እሱ ነው። ይህቺ ግን ሌላ ሰው አይደለችም። ልጁ ናት፤ እጇ ቁልፍ መያዝ የተማረው በእሱ እጅ ሥር ነው፤ ስምንት ፎቅ ሙሉ ሰው ጭኖ የሚወርድ ነገር አምነው የሰጧት ሴት ናት። «እግሬ ነው እንግዲህ» ስትል ተሸንፋ አልነበረም፤ አምናው ነበር። እሑድ ጠዋት ያ ግንብ ከፊቷ ሲመጣ የምትረግጠው በራሷ እግር ሳይሆን በእሱ ቃል ነው።

እስክሪብቶውን አስቀመጠና ኮፈኑን ከፈተ።

ምን እንደሚፈልግ አያውቅም ነበር። ቱቦዎቹን በጣቱ ዳሰሰ፤ ደረቅ ናቸው። የዘይቱን ማጠራቀሚያ አየ፤ ሙሉ ነው። ከዚያ የእጅ ባትሪውን ወደ ማስተሩ ግርጌ፣ ሁለቱ ቡሎኖች ላሜራውን ወደ ነከሱበት አስጠጋ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ ለሁለት ቀን በዚያ ቦታ እጁ ሲመላለስ አላየውም ነበር። ቀለሙ ላይ፣ በላይኛው ቡሎን ዙሪያ፣ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቆች ነበሩ፤ እንደ ሸረሪት ድር ወደ ውጭ የተሳቡ። ቀለሙን ራሱ ነው የቀባው፣ አራት ወር አይሞላውም። ቀለም ደግሞ ዝም ብሎ አይሰነጠቅም፤ ከሥሩ ያለው ካልተነቃነቀ በቀር።

«አንተ ብልጭታ» ብሎ ተጣራ። «ና እስቲ፣ እግርህን አውሰኝ።»

በያጁ ግድግዳውን ዞሮ መጣ። ካልሲ ከመሪው ኋላ አስቀመጠው፤ ወንበሩ ስለጠበበው አጉረመረመ።

«ጫማዬን ላውልቅ?»

«አታውልቅ። ርገጥ።»

«ምን ያህል?»

ካልሲ ትንሽ አሰበና «ከፊትህ ሕፃን ድንገት ቢገባብህ እንደምትረግጠው» አለ።

ብልጭታ ፌዙን ትቶ ጥርሱን ነከሰና ረገጠ። ማስተሩ ራሱን ነቀነቀ። እሺ እንደሚል ሰው፣ አፍንጫውን ወደ ፊትና ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ እግሩ ሲነሳ ተመልሶ ዝቅ አለ። የመኪናዋ የላሜራ ግድግዳ ራሱ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ክዳን ተነፍቶ ተመለሰ፤ «ጧ» የምትል ትንሽ ድምፅም ሰጠ።

«ደግመው» አለ ካልሲ፤ በዚህ ጊዜ መዳፉን ማስተሩ ላይ አሳርፎ ነበር። እግር ሠላሳ ዓመት ያልነገረውን እጁ በአንድ ጊዜ ነገረው።

ነገሩን በግምት አልተወውም። ወፍራም ሽቦ ከሾኩ ጉልላት፣ የፊት ጎማው ሾክ ከላይ ከሚታሰርበት ብረት ላይ አስሮ ጫፉን እስከ ማስተሩ አፍንጫ አደረሰ፤ ብልጭታን አስረግጦ ርቀቱን በብረት ማስመሪያ ለካ። አምስት ሚሊ። የፔዳሉ ጉዞ የማስተሩ ስድስት እጥፍ ነው፤ እዚህ አምስት ሚሊ ማለት እዚያ፣ እግር ሥር፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ዘይቱን መግፋት የነበረበት ጉልበት ላሜራ ሲያጎብጥ ነበር። ልጁ «ይሄዳል» ያለችው እሱን ነው።

ከዚያ ጫማውን አውልቆ ራሱ ገባ፤ ብልጭታን ሽቦው ጋ አቆመውና በካልሲው ረገጠ።

«ተነቃነቀ?»

«የለም።»

ጠበቅ አድርጎ ረገጠ። የፔዳሉ ጠርዝ ውስጥ እግሩን ቆነጠጠው፤ እግሩም ሳያዘው ላላ አለ።

«ትንሽ ብቻ» አለ ብልጭታ።

ካልሲ እግሩን እያሸ ተቀምጦ ቀረ። ነገሩ እንደ ኮፈን ወለል ብሎ ተከፈተለት። ሰርቮ ያለው መኪና ቀላል እግር ይበቃዋል፤ ቀሪውን ሰርቮው ይጨምርበታል። ስለዚህ በካልሲ መርገጥ ለዚያ ሁሉ መኪና ሙሉ ፍተሻ ነበር። ይህቺ መኪና ግን ሰርቮ የላትም፤ ጉልበቱ ሁሉ ከእግር ነው የሚመጣው፤ በካልሲ ደግሞ ማንም ሰው ያለ የሌለ ጉልበቱን አይረግጥም፤ ያማል። ሰርቮውን የነቀለው እሱ፣ ቀዳዳውን በስስ ላሜራ የለበደው እሱ፣ ጥፋቱን በማያሳይ መንገድ የፈተሸውም እሱ። ባዶ ሊፍት ነበር የፈተሸው።

«ምን ሆንክ?» አለ ብልጭታ።

«ምንም። ዘይት አይደለም። የአንተ ሥራ ነው፣ ላሜራ ነው።»

«ይህን ቃል ከአንተ አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄአለሁ። ድገመው እስቲ።»

«ላሜራ ነው። አሁን ማሽንህን አምጣ።»

ለልጁ ደወለላት። አንድ ፎቅ ቤት ጣራ ላይ ነበረች፤ ነፋሱ ይሰማል። «ጫማሽ አልዋሸም» አላት። «ከሥራ ስትወጪ በቀጥታ ነይ። ብዙ የሚፈታ ነገር አለ።»

ከሰዓት ስትደርስ የመኪናዋ ባትሪ ተነጥሎ፣ ማስተሩና ፔዳሉ ወልቀው፣ ግድግዳው ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ካልሲ የተሰነጠቀውን ቀለም በእጅ ባትሪው እያበራ አሳያት፤ ሽቦውንም አሳያት፤ አምስት ሚሊ አላት። የራሱን ጥፋት በሦስት ዐረፍተ ነገር ተናገረ፤ ይቅርታውንም ከሦስቱ አንዱ ውስጥ ጨምሮት ነበር። ልጅቱ ላሜራውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

«እኔ እኮ እግሬን ተጠራጥሬው ነበር።»

«እግርሽ ደህና ነው። ሁለተኛ እንዳትጠራጠሪው፤ እኔ ብልሽም እንኳ።»

«ይሄንን በጽሑፍ ስጠኝ።»

«ቅጹ ላይ ቦታ ካለ።»

ሥራውን ተከፋፈሉት። ልጅቱ ከካርቶን ቅርጽ ቆርጣ አወጣች፤ ሦስት ሚሊ ውፍረት ያለው ላሜራ በዚያ ልክ ተቆረጠ። ቁራጩ ማስተሩ ሥር ብቻ የሚቀር አልነበረም፤ በአንድ በኩል እስከ መሪው ዘንግ መያዣ፣ በሌላው እስከ በሩ ምሰሶ ይደርሳል። ለካልሲ ዋናው ነገር ይኸው ነበር። «ስስ ላይ ወፍራም ብትለጥፍ ወፍራሙ ከስሱ ጋር አብሮ ይነቃነቃል» አለው ለብልጭታ። «ጠንካራ ቦታ አስይዘው።» የማሞቂያውም ቀዳዳ የስሱ ልባድ ተነስቶለት በወፍራም ላሜራ ተዘጋ።

ብልጭታ ሲበይድ ያማርር ነበር። «ይሄ ላሜራ አይደለም፣ ጋዜጣ ነው» ይላል። ትንሽ ነጥብ ይበይዳል፣ ያቆማል፣ እስኪበርድ ወደ ሌላው ጥግ ይሄዳል፤ በአንድ ትንፋሽ ቢስበው ግድግዳው ተጣሞ እንደ ቅጠል ይጠቀለላል። ልጅቱ ከውስጥ በኩል እርጥብ ብርድ ልብስ ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ ብልጭታዎቹ ወደ ወንበሩ እንዳይዘሉ።

ቅዳሜ ማለዳ ማስተሩ ተመልሶ ታሰረ፤ በዚህ ጊዜ ከኋላው ሰፊ ክብ ብረት፣ ሮንዴላ፣ ገብቶለት። ሽቦው በቦታው ታሰረ። ብልጭታ ገብቶ ረገጠ። ካልሲ ለካ።

«ሁለት ሚሊ።»

«ከአምስት ሁለት» አለ ብልጭታ እየወረደ። «ግባና ፈርም። ጨርሰናል።»

«ሁለት ሚሊ እዚያ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። አልጨረስንም።»

«አንተ ሰውዬ ከትላንት ወዲያ አምስቱን አላየህም፤ ዛሬ ሁለቱ አላስተኛህም።»

«ከትላንት ወዲያ ስላላየሁ ነው» አለ ካልሲ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

ቀሪውን ያነሳው ከፊት በኩል ነው። ከሾኩ ጉልላት፣ መኪናዋ ውስጥ ከሁሉ ከሚጠነክረው ቦታ፣ አንድ አንግል ብረት አስነሥተው ወደ ማስተሩ አፍንጫ አመጡት። ጫፉ ላይ ዳዶ ተበየደ፤ በዳዶው ውስጥ ቡሎን ገባ፤ ቡሎኑ እየተጠመዘዘ ወጥቶ የማስተሩን አፍንጫ ያገኛል፤ ሁለተኛ ዳዶ ደግሞ እንዳይፈታ ይቆልፈዋል። ብልጭታ ቁልፉን አንስቶ ሊያጠብቀው ሲል ካልሲ እጁን ያዘው።

«እንዲነካው ነው እንጂ እንዲገፋው አይደለም። ከገፋኸው ማስተሩን ሁልጊዜ አንቀህ ይዘኸዋል፤ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ጎን ለጎን እንደቆመ ሰው ይሁን፤ ሲወድቅ ይያዘው፣ ሳይወድቅ አይጫነው።»

ልጅቱ የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ በቡሎኑና በማስተሩ መካከል አስገባች፤ ወረቀቱ እየተፋተገ እስኪወጣ ድረስ ቡሎኑን አመጣችና ቆለፈችው። ብልጭታ ለመጨረሻ ጊዜ ረገጠ። ካልሲ ማስመሪያውን ወደ ሽቦው አስጠጋ፣ መነጽሩን አደረገ፣ እንደገና አየ።

«ግማሽ ሚሊ እንኳ አይሞላም።»

«ይሂድ?» አለች ልጅቱ።

«ቆይ።»

ካልሲ በሩን ከፍቶ ተቀመጠ። ልማዱ ነውና እጁ ወደ ጫማው ክር ሄደ፤ ደረሰም፤ ተመለሰም። የቀኝ ጫማው ከነ ሙሉ ሶሉ ነው፤ እንደ አዲስ ነው፤ ታጥፎ የማያውቅ ቆዳው ሲጫን ጮኸ። በመጀመሪያ ቀስ ብሎ ረገጠ። ከዚያ ጀርባውን ወንበሩ ላይ አስደግፎ፣ መሪውን ጨብጦ፣ በጉልበቱ ሁሉ ረገጠ። ዓይኑን አልጨፈነም፤ በመስታወቱ ውስጥ የልጁን ፊት ያይ ነበር። ፔዳሉ ከላይ ያዘ፣ በቃ፣ ወዴትም አልሄደም።

«ጫማ አድርጎ አየሁት» አለ ብልጭታ። «አሁን ብሞት አይቆጨኝም።»

ከምርመራው በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቷቸው ነበር። ወደ መጋዘኖቹ ሜዳ ሄዱ፤ ልጅቱ እየነዳች፣ እሱ ከጎኗ ታስሮ። አሮጌ ጎማዎች ተርታ አስቀምጠው እንደ ግንብ አደረጓቸው። ሦስት ጊዜ በኃይል መጥታ ሦስት ጊዜ ቆመች። በመጀመሪያው ጎማዎቹ ጋ ለመድረስ ሦስት እርምጃ ሲቀራት፣ በሁለተኛው እንደዚያው፣ በሦስተኛውም እንደዚያው። ካልሲ ወርዶ በእግሩ ለካቸው። ሦስቱም አንድ መሆናቸው ከርቀቱ ይልቅ ደስ አሰኘው።

«እንዴት ነው?» አላት ተመልሶ ሲቀመጥ።

«አልሄደም።» ከዚያ ፈገግ አለች። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ ምን እላለሁ። እግሩ ያንቺ ነው።»

ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እዚያው ፈረመ። መርማሪው፣ የአንገቱ መለያ ደረቱ ላይ የሚወዛወዝ ቀጭን ሰው፣ በአሥር ሰዓት ኮፈኑን ከፍቶ ያንን አንግል ብረት ሲያይ ቆም አለ፤ በጣቱ ነካው፤ ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱን ሲያነብ ግን ግንባሩ ተሸበሸበ። ከፊርማው ጎን በጥንቃቄ የተጻፉ ሁለት ቃላት ነበሩ፦ «በጫማ ተፈትሿል።»

«ይሄ ምን ማለት ነው?»

«እንደተጻፈው ነው» አለች ልጅቱ። «ጠንከር ያለ ፍተሻ ነው።»

እሑድ ጠዋት ካልሲ የቆመው መነሻው ጋ አይደለም፣ ጠመዝማዛውም ጋ አይደለም፤ ጫፍ ላይ፣ ግንቡ አጠገብ ነው። ሰዓት ያዢዎቹ ቁጥሩን ሲጠሩ አልሰማም። ቀይዋ መኪና መስመሩን አልፋ ስትመጣ የፍሬን መብራቷ በራ፤ አፍንጫዋ ወደ መሬት አጎነበሰ፤ ከግንቡ በፊት ብዙ ባዶ አስፋልት ትታ ቆመች። ሰባተኛ ወጣች፤ ከሃያ ሦስት መኪና። ልጅቱ በመስኮቱ አጮልቃ በግንቡና በመኪናዋ መካከል የቀረውን አስፋልት በዓይኗ ለካች።

«በሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ ዘግይቼ ነው የምረግጠው» አለችው።

«አየሁ፤ ቦታ አለሽ» አለ ካልሲ።

ሰኞ ጋራዡን እንደከፈተ ሥራ የጀመረው በስልክ ነው። ሰርቮ የሌላቸው ሁለት አሮጌ መኪኖች ባለፈው ዓመት በእግሩ ሥር አልፈዋል፤ ለባለቤቶቻቸው ደውሎ «አምጡት፣ አንድ ያልረገጥኩት ነገር አለ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ፍተሻው ሁለት ዙር ሆነ፤ በመጀመሪያ በካልሲ፣ ጆሮ እንደሚሰጥ ሰው በቀስታ፤ ቀጥሎ በጫማ፣ በሙሉ ጉልበት፣ አንድ እጅ ማስተሩ ላይ ሆኖ። ደንበኞቹ ሲያዩት አንዳንዱ አረጀ ይላል። ስሙ ግን እንደሆነ ቀርቷል።

ሚስቱ በሳምንቱ መጨረሻ የቀኝ ካልሲውን ወደ መስኮቱ አቅርባ መረመረችው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበር። ከዚያ ጫማውን አንስታ ሶሉን ገለበጠች፤ ጠርዙ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መላጥ ጀምሯል።

«እንግዲህ የልጅ ልጅህ የራሱን ጫማ ይግዛ» አለችና መርፌዋን አነሳች።